ውሃ የጠማት የመሰለች ዛፍ፦ የሁለት ሂቢስከሶች የብርድ ወራት በሲልቨር ስፕሪንግ

ይህ ጽሑፍ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ከኦክቶበር 2022 እስከ ሜይ 2023 ድረስ በቤታቸው ውስጥ ያቆዩአቸውን ሁለት የሂቢስከስ ዛፎች ይመለከታል። እኔ እዚያው አካባቢ በሚገኝ ግሪን ሃውስ ውስጥ አበባ በማባዛትና በመንከባከብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጎረቤታቸው በመሆኔ ጉዳዩን ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ፤ የሙቀቱን፣ የውሃውንና የቅጠሉን ሁኔታም በየሳምንቱ በማስታወሻዬ እይዝ ነበር። ሁለቱ ዛፎች በአንድ ቀን፣ ከአንድ መደብር የተገዙና በመጠንም ሆነ በዕድሜ የማይለያዩ ነበሩ። በዚህም የተነሣ አንደኛዋ ለምን ክፉኛ እንደተጎዳች፣ ሌላዋ ደግሞ ለምን እንደተረፈች ለይቶ ለማየት በሥራዬ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ የማላገኘውን ዕድል አግኝቻለሁ።

በቅድሚያ ስለ ዛፎቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሂቢስከስ ሮዛ ሲኔንሲስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስም የሰጠው ሊኔየስ ሲሆን ጊዜው 1753 ነው፤ የስሙ ሁለተኛ ክፍልም «የቻይና ጽጌረዳ» ማለት ነው። ተክሉ ለመጠጥ ከምናፈላው ከከርከዴ፣ ከባሚያና ከጥጥ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ የባሚያን አበባ አንድ ቀን በቅርብ ያየ ሰው ዝምድናውን ሳይነግሩት ያውቀዋል። በተፈጥሮው ግንደ ብዙ ቁጥቋጦ እንጂ ዛፍ አይደለም። በመደብር «ዛፍ» ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁራጮች በአንድ ማሰሮ ውስጥ ተተክለው፣ ገና ለጋ ሳሉ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ያደጉ፣ ከላይ ብቻ ቅጠልና አበባ እንዲይዙ የተደረጉ ናቸው። ገዢው አንድ ግንድ ያየ ይመስለዋል እንጂ በማሰሮው ውስጥ ያሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥር ያላቸው ሦስት ተክሎች ናቸው። ይህ ጉዳይ ወደ ኋላ ላይ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

የዛፎቹ ባለቤት ያደጉት በባሕር ዳር ነው። ሂቢስከስ ለእርሳቸው የግቢ አጥር፣ ማንም ውሃ የማያጠጣውና ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ተክል ነበር። ይህንን ትዝታቸውን በአክብሮት እቀበለዋለሁ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በባሕር ዳር ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የጁን ቀን ወደ 15 ሰዓት ተጠግቶ የዲሴምበር ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ተክሉ በተፈጥሮው የማያውቀው ትልቁ ነገር ይህ የብርሃን መዋዠቅ ነው። ሰው ብርዱን ብቻ ፈርቶ ተክሉን ወደ ቤት ያስገባና የብርሃኑን ነገር ይረሳል፤ በእኔ እምነት በዚህ አገር በቤት ውስጥ ከሚሞቱት ሂቢስከሶች አብዛኞቹ የሚሞቱትም በብርድ ሳይሆን በዚህ መርሳት ምክንያት ነው።

በ2022 የበጋ ወራት ሁለቱ ዛፎች ወደ ደቡብ በሚያይ በረንዳ ላይ ቆመው፣ በጁላይ ሙቀት እያንዳንዳቸው በቀን እስከ ሁለት ሊትር ውሃ እየጠጡ፣ ቀይ አበባቸውን ያለማቋረጥ ይሰጡ ነበር። የሂቢስከስ አንዱ አበባ በአብዛኛው ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ጧት ፈክቶ ማታ ይጠወልጋል። እኒህ እናት የወደቀውን እየለቀሙ፣ በማግሥቱ የሚፈካውን እንቡጥ አስቀድመው መቁጠር የዕለት ሥራቸው አድርገውት ነበር። ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለትም ወደ 50 ፋራናይት ሲጠጋ፣ ይኸውም በዚህ አካባቢ ከመስቀል በዓል በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ ዛፎቹ መግባት ነበረባቸው። ይሁን እንጂ እንቡጥ ስለያዙ ባለቤታቸው ሳሱላቸውና በረንዳው ላይ አቆዩአቸው። በኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት ቅዝቃዜው በአንድ ሌሊት ወደ አምስት ዲግሪ ሲወርድ፣ በማግሥቱ ልጃቸው ሁለቱንም ተሸክሞ አስገባቸው። ቅጠላቸው አልታጠበም፣ የቅጠላቸውም ጀርባ አልተመረመረም። አንደኛዋ ሳሎን ውስጥ፣ በደቡቡ መስኮት ሥር ተቀመጠች። ሁለተኛዋ መኝታ ቤት ውስጥ፣ የሕንፃ ጥላ በሚያርፍበት የምሥራቅ መስኮት አጠገብ፣ ለውበት ተብሎ በተገዛና ከሥሩ ቀዳዳ በሌለው የሸክላ ማቀፊያ ውስጥ ገባች።

በዚያው ሳምንት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ለሥራ እየቸኮልኩ፣ «እማማ፣ ወደ ሙቀት ያስጠጓቸው» ብዬ አለፍኩ። ይህ ምክር ስሕተት ነበር፤ የጉዳዩ አካል ስለሆነም ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። ለሂቢስከስ ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ያለው የተለመደ የቤት ሙቀት ይበቃዋል። እርሳቸው ግን ቃሌን አክብረው የሳሎኗን ዛፍ የማሞቂያው አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ አቆሟት።

አሥር ቀን ሳይሞላ የሁለቱም ዛፎች ቅጠል ከታች ጀምሮ ቢጫ መሆንና መርገፍ ያዘ። ይህ ራሱ በሽታ አይደለም። በረንዳ ላይ የወጣ ቅጠል ለጠንካራ ፀሐይ የተሠራ ቅጠል ነው። ከመስታወት ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ብቻ ሲገባ የሚያገኘው ብርሃን ውጭ ያገኘው ከነበረው እጅግ ጥቂቱ ክፍል ይሆናል። የእኛ ዓይን ራሱን ስለሚያስተካክል ክፍሉ ብሩህ መስሎ ይታየናል፤ ቅጠሉ ግን የሚሠራው ምግብ ራሱን እንኳ ለማኖር ስለማይበቃው ዛፉ ያራግፈዋል። በምትኩ ለደብዛዛ ብርሃን የሚስማማ፣ ሳሳ ያለ አዲስ ቅጠል ቀስ ብሎ ያወጣል። ቅጠል ሲቀንስ ደግሞ በቅጠል በኩል የሚተነው ውሃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ግማሽ ቅጠሉን ያረገፈ ዛፍ የሚጠጣው ከቀድሞው በጣም ያነሰ ነው። ባለቤቲቱ ግን የሚረግፈውን ቅጠል የተረዱት እናት በምትረዳበት መንገድ ነው፤ «ልጄ፣ ተጠምታ ነው እንጂ እንዲህ አትሆንም ነበር» አሉኝ። ለሁለቱም በየቀኑ አንድ አንድ ሊትር ማጠጣታቸውን ቀጠሉ። ለገና እንዲያብቡላቸው በመመኘትም ፎስፈረስ የበዛበትን የአበባ ማዳበሪያ ጨመሩላቸው፤ ቡና ባፈሉ ቁጥርም አተላውን በአፈሩ ላይ ይደፉላቸው ነበር።

መጀመሪያ በደንብ ያየኋቸው ኖቬምበር 26 ቀን፣ ለቡና በተጠራሁበት ቅዳሜ ነው። መኝታ ቤት ስገባ ከማሰሮው ላይ ትንኝ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ተነሡ። የቡናው አተላ በአፈሩ ላይ እንደ ጭቃ ንጣፍ ሆኖ ሻግቷል፤ በማሰሮው ጠርዝም የማዳበሪያው ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል። የቀሩት ቅጠሎች ጫፋቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ በእርግጥ ውሃ የጠማቸው ይመስሉ ነበር። ማሰሮውን ከማቀፊያው ሳወጣው ግን ከክብደቱ የተነሣ እጄ ተፈተነ። በማቀፊያው ውስጥ አራት ጣት ያህል ውሃ ተኝቷል፤ ሽታውም የረጋ ኩሬ ሽታ ነበር።

ዛፏን በጋዜጣ ላይ አጋድሜ ከማሰሮዋ አወጣኋት። ጤነኛ የሂቢስከስ ሥር ነጣ ያለና ሲነኩት ጠንከር የሚል ነው። ከማሰሮው ታችኛ ክፍል ያገኘሁት ግን ቡናማ፣ የለሰለሰ ሥር ነበር። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው የላይኛው ልጥ እንደ እጅጌ ተንሸራቶ ወለቀና በእጄ ላይ ክር የመሰለው መሐሉ ብቻ ቀረ። የሥር መበስበስ ማለት ይህ ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፤ አፈሩ ሁልጊዜ በውሃ ሲሞላ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው አየር ይወጣል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ የታፈነውንም ፒቲየምን የመሳሰሉ በእርጥብ አፈር የሚኖሩ ተሐዋስያን ይበሉታል። የሞተ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል በውሃ ተከቦ ያለው ዛፍ እንደ ተጠማ ዛፍ ይጠወልጋል። የዚህ ጉዳይ ዋና ነጥብ ይኸው ነው፦ ቅጠሉን ብቻ ያየ ሰው ጥማትንና መስጠምን ሊለይ አይችልም። የሚለየው ማሰሮውን ያነሣ ሰው ነው።

ባለቤቲቱ አጠገቤ ቆመው ሥሩን አዩ። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ። ቢያንስ ሲሶው ሥር ነጭ እንደሆነ አሳየኋቸው፤ የግንዶቹን ቅርፊት በጥፍሬ ጫር አድርጌም ከሥሩ አረንጓዴው እንዳለ አመለከትኳቸው። እውነቱም ዛፏ በዚያ ቀን አልሞተችም ነበር።

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆርጬ፣ የቀረው ሥር ከሚሞላው ብዙም በማይበልጥ አነስተኛ ማሰሮ ውስጥ፣ ፐርላይት (አፈሩን የሚያላላና አየር የሚያስገባ ቀላል ነጭ ጠጠር) በተቀላቀለበት አዲስ አፈር ተከልኳት። ሰፊ ማሰሮ ቢሆን ኖሮ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆይና ችግሩ ይመለስ ነበር። ቀዳዳ የሌለው ማቀፊያ ተወገደ፣ ማዳበሪያም እስከ ፀደይ ቆመ። ዛፏም ከመኝታ ቤቱ ወጥታ በሳሎኑ መስኮት ከእኅቷ ጎን ሆነች። ከዚያ በኋላ ለ11 ቀናት አንድ ጠብታ ውሃ አላገኘችም። እነዚያ ቀናት ለባለቤቲቱ ከባድ ነበሩ፤ ማጠጣት ለለመደ እጅ አለማጠጣት ትልቅ ሥራ ነው።

ውሃን በልማድ ሳይሆን በመለኪያ ለማድረግ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ከእኛ ወገን ቤቶች ውስጥ ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የሚመዝኑበት የእጅ ሚዛን የሌለበት ጥቂት ነው። በማሰሮዎቹ ዙሪያ ጠንካራ ገመድ አሰርንና በዚያው ሚዛን አንጠለጠልናቸው። የሳሎኗ ዛፍ ውሃ ጠጥታ ትርፉ ከፈሰሰ በኋላ 11 ኪሎ ከ600 ግራም መዘነች፤ የላይኛው አፈር እስከ ሁለተኛው የጣት አንጓ ድረስ ሲደርቅ ደግሞ 8 ኪሎ ተኩል ነበረች። ስለዚህ ወደ 8 ኪሎ ተኩል እስክትወርድ እንዳትጠጣ፣ ስትጠጣ ደግሞ ውሃው ከሥር እስኪፈስ ድረስ በደንብ እንድትጠጣ፣ ከሥሯ በተቀመጠው ሳሕን ላይ የሚጠራቀመውም ወዲያው እንዲደፋ ተስማማን። በዲሴምበር ይህ የሆነው በየስምንት ወይም በየዘጠኝ ቀኑ ነው። የታመመችው ዛፍ በዚያው ወር በየሁለት ሳምንቱ ብቻ ትጠጣ ነበር። ከአንድ ወር በፊት ሁለቱም በየቀኑ ሲጠጡ እንደነበር ሲታሰብ የልዩነቱ ስፋት ግልጽ ነው።

የሳሎኗ ዛፍ የተሻለ ብርሃን ስለነበራት ያንን ሁሉ ውሃ በከፊል መጠቀም ችላለች፤ ማሰሮዋም ያለ ማቀፊያ በሳሕን ላይ ስለተቀመጠ ትርፉ ይወጣ ነበር። ሥሯ ደኅና ነበር። የእርሷ ችግር የመጣው ከእኔ ምክር ነው። የማሞቂያው ደረቅና ሞቃት አየር በቀጥታ ስለሚያገኛት በዲሴምበር አጋማሽ ቅጠሎቿ በመርፌ የተወጉ ይመስል በጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣቦች ተሞሉ። አንድ ቅጠል በነጭ ወረቀት ላይ መታ መታ ሳደርግ የወረዱት ነጥቦች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ስፓይደር ማይት የሚባለው፣ በዓይን እንደ ነጥብ ብቻ የሚታይ፣ ስምንት እግር ያለው ተባይ ነበር። በቅጠልና በአንገቱ መካከልም ስስ ድር አድርቷል። ይህ ተባይ ሙቀትና ደረቅ አየር ሲያገኝ እጅግ ይራባል። ከበረንዳው ከዛፏ ጋር አብሮ ገብቶ እንደሆነም መገመት ይቻላል፤ በመግቢያው ቀን ቅጠሎቹን ማጠብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ዛፏን ከማሞቂያው አራቅናት። አፈሩ እንዳይረጥብ ማሰሮዋን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለን፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስገብተን የቅጠሎቹን ጀርባ ለብ ባለ ውሃ አጠብን። ከዚያ ለዕፅዋት ተባይ ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና የቅጠሉን ሁለቱንም ገጽ እስኪያረጥብ ድረስ ረጨን። ሳሙናው እንቁላሉን ስለማይገድል አንድ ጊዜ መርጨት ዋጋ የለውም፤ በየስድስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። የመጨረሻው ርጭት ከገና በፊት ነበር። በበዓሉ ዕለት ጃንዋሪ 7 ቀን በነጩ ወረቀት ላይ ምንም አልወረደም። አበባ ግን አልነበረም፤ ባለቤቲቱም አልጠየቁኝም።

በዚህ መካከል፣ ዲሴምበር 23 ቀን ከሰሜን የመጣው ታላቅ ብርድ ሙቀቱን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጣለውና በማግሥቱ ጧት በዋሽንግተን አካባቢ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ በላይ ወረደ። ከሁለቱም ዛፎች መስታወቱን የነኩት ቅጠሎች በአንድ ሌሊት ጠቁረው ተገኙ፤ ከመስታወቱ አንድ ጣት ርቀው የነበሩት ግን ምንም አልሆኑም። ማሰሮዎቹን ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ሳብናቸው። ስንስባቸው ግን የነበራቸው ብርሃን ይበልጥ ስለሚቀንስ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከዛፎቹ ራስ በላይ ሠላሳ ሴንቲሜትር ከፍ አድርገን ለዕፅዋት የሚሆን የኤል ኢ ዲ መብራት ሰቀልን፤ በራሱ እንዲበራና እንዲጠፋም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሞላንለት። ሲጠፋ ክፍሉ እውነተኛ ሌሊት ያገኛል፤ እርሱም ያስፈልጋል። ካደረግናቸው ነገሮች ሁሉ ለውጡ ፈጥኖ የታየው በዚህ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የሳሎኗ ዛፍ በየቅርንጫፉ ጫፍ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቅጠል አወጣች፤ በፌብሩዋሪም በሚዛኑ መሠረት በየአምስት ቀኑ ውሃ መጠየቅ ጀመረች። ብርሃኑ ሲጨምር ውሃው ጨመረ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው እንጂ ተገላቢጦሹ አይደለም።

በጨለማና በቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ፣ በ10 እና በ13 ዲግሪ መካከል፣ ጥቂት ብቻ እያጠጡ ተክሉን ማስተኛትም የታወቀ መንገድ ነው። አፓርትመንቱ ግን እንዲህ ያለ ቦታ ስላልነበረው አልሞከርነውም፤ ሥሯ ለተጎዳው ዛፍም አልመክረውም ነበር።

የተጎዳችው ዛፍ በጃንዋሪ መጨረሻ ውሳኔዋን አሳየች። ከሦስቱ ግንዶች በሁለቱ ላይ ቅርፊቱን ስጭር ከላይ እስከ ታች ቡናማና ደረቅ ነበር። ሦስተኛው ግን እስከ አፈሩ ድረስ አረንጓዴ ሲሆን፣ ከራሱም ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት እምቡጥ ቅጠሎች ወጥተዋል። ሦስት ተክሎች ባይሆኑ ኖሮ፣ ማለትም አንድ ሥር ብቻ ቢኖራት ኖሮ፣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃ ነበር።

በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ሳምንት ሁለቱንም ገረዝን። ሂቢስከስ የሚያብበው አዲስ በሚያወጣው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ ያልገረዙ ሰዎች ቅጠል እንጂ ብዙ አበባ አያገኙም። የሳሎኗን ዛፍ ራስ በሲሶ ቀነስነው፤ ቁርጡም ወደ ውጭ ከሚያይ ቡቃያ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። የሌላዋን ግን የደረቀውን ብቻ አነሣን። በማርች አጋማሽ ሥር መሥራት መጀመሩ ሲታወቅ ማዳበሪያ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፖታሲየሙ ከፍ፣ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለውንና በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው በግማሽ የቀጠነውን ነው የሰጠናቸው። ሂቢስከስ የበዛ ፎስፈረስ አይወድም፤ «ለአበባ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ለእርሱ እንደማይሆን ባለቤቲቱ አሁን ለሌሎች ሲያስረዱ ሰምቻለሁ።

ከፋሲካ፣ ማለትም ከኤፕሪል 16 በኋላ ባለው ሳምንት ቀኑ ሞቃት ሲሆን በረንዳው ላይ በጥላ ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል ማውጣት ጀመርን። በቤት ውስጥ የወጣው ስስ ቅጠል ቀጥተኛ ፀሐይ በድንገት ቢያገኘው እንደ ወረቀት ነጥቶ ይቃጠላል። ሰዓቱን በየሦስት ቀኑ እየጨመርን፣ ከጥላ ወደ ጧት ፀሐይ እያሸጋገርን፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲያቆም በሜይ አጋማሽ ሁለቱንም ለዘለቄታው አወጣናቸው። የሳሎኗ ዛፍ የመጀመሪያውን አበባዋን በጁን ሁለተኛ ሳምንት ሰጠች።

ሌላዋ በዚያ ዓመት አላበበችም፤ በአንዱ ግንድ ላይ ግን ከሠላሳ በላይ ቅጠል አወጣች። የሞቱትን ሁለት ግንዶች ከጉንጉኑ አውጥተን ለመጣል ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ የሞተ እንጨት እርጥበት ይዞ በሕያው ግንድ ላይ ጉዳት እንዳያመጣ እሰጋለሁ። ባለቤቲቱ ጉንጉኑን በጣታቸው ተከትለው ከታች እስከ ላይ ዳሰሱት። ሕያው ግንድ ገና ቀጭን ስለሆነ ብቻውን ራሱን ተሸክሞ እንደማይቆም እኔም አየሁ። የሞቱት ከአፈሩ በላይ እንዲቆረጡ፣ የቀረው ጉንጉን ግን ግንዱ እስኪወፍር ድረስ ደጋፊ ሆኖ እንዲቆይ ወሰኑ፤ እኔም ተስማምቼ ቆረጥኩላቸው። ሚዛኑ አሁን ከበረንዳው በር ጀርባ ባለ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።